ፒያዤን የምናውቀውን ያህል ሼኽ በክሪን ብናውቅ ኖሮ



ዛሬ ብዕሬን ያነሳሁት ስለ አንድ መምህር ላወጋችሁ ነው። መምህሩ ከሞቱ አርባ ዓመት አልፏል። ስማቸውን የማያውቅ የሐረርጌ ሽማግሌ ብዙ አይገኝም። ነገር ግን መምህራንን በሚያሠለጥኑ ተቋማት ውስጥ ስማቸው ሲነሳ ሰምቼ አላውቅም። ይህ ነገር ሲከነክነኝ ኖሯል።

እኔ በሙያዬ መምህር ነኝ። በአዳማና ከሞጆ ወደ መቂ፣ ወደ ባቱና ወደ ሻሸመኔ በሚወስደው መንገድ ዳር በሚገኙ የስምጥ ሸለቆ ከተሞች ለዓመታት አስተምሬአለሁ። በኋላም በትምህርት ሳይንስ ሁለተኛ ዲግሪዬን ስሠራ የመረጥኩት ርዕስ የመጀመሪያ ክፍል ሕፃናት ማንበብን እንዴት እንደሚለምዱ የሚመረምር ነበር። በዚህም ሳቢያ በቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ የተቀመጡ የመመረቂያ ጽሑፎችን በብዛት አገላበጥኩ። አንዱ ስለ ተማሪዎች መቅረት፣ ሌላው በአንድ ክፍል ስለሚታጨቁ ልጆች ብዛት፣ ሌላው ስለ አፍ መፍቻ ቋንቋ፣ ሌላው ስለ ወላጆች ተሳትፎ ይተነትናል። ብዙዎቹ የተደከመባቸውና የሚጠቅሙ ናቸው። ይሁን እንጂ ሁለተኛውን ምዕራፍ ስትከፍቱ የምታገኟቸው ሰዎች አንድ ዓይነት ናቸው። ፒያዤ፣ ቪጎትስኪ፣ ዲዌይ፣ ፍሬሬ።

እነዚህን ሰዎች ማንበቡ ነውር አይደለም። ዕውቀት ከየትም ይምጣ ከየት ሙእሚን ባገኘው ጊዜ ሊይዘው ይገባል። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ለመሆኑ ይህች አገር ልጅ እንዴት እንደሚማር ያሰበ፣ የሞከረ፣ የደከመ አንድም ሰው አላፈራችም? ከማንም ሁለተኛ ምዕራፍ ውስጥ የሚገባ አንድ መምህር አልነበረንም?

ነበረን። እኚህ ሰው ሼኽ በክሪ ሳጳሎ ይባላሉ። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልኝ።)

ሼኽ በክሪ የተወለዱት በኅዳር ወር 1895 በሐረርጌ ደጋ ነው። የመዝገብ ስማቸው አቡበክር ሲሆን አባታቸው ገራድ ዑስማን ኦዳ ሰፊ መሬት የነበራቸው ባላባት ነበሩ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። የልጆችን አእምሮ ዕድገት በመመርመር በዓለም የታወቀው የስዊዘርላንዱ ዣን ፒያዤ የተወለደው በ1896 ነው። የሞተውም በመስከረም 1980 ነው። ሼኽ በክሪ ደግሞ በሚያዝያ 1980 አርፈዋል። እንግዲህ ሁለቱ ሰዎች ከአንድ ዓመት ባነሰ ልዩነት ወደዚህች ዓለም መጥተው በአንድ ዓመት ውስጥ ተለይተዋታል ማለት ነው። አንዱን የአገራችን የመምህርነት ሠልጣኝ ሁሉ በቃሉ ያውቀዋል። ሌላውን ግን የራሳቸው አገር ሠልጣኞች አያውቋቸውም።

የአቡበክር የልጅነት ጉዞ በዘመኑ የነበረ የደረሳ ጉዞ ነው። ቁርአንን በሎህ ላይ በቀለም እየጻፉና እያጠቡ ከቀሩ በኋላ ስንቃቸውን ይዘው ከአንዱ ዓሊም ወደ ሌላው ዓሊም ዞሩ። በዚያ ሥርዓት ተማሪ በአንድ ቤት ተቀምጦ ሁሉን አይጨርስም። ፊቅሁን በአንዱ ዘንድ፣ ነሕዉን በሌላው ዘንድ፣ ተፍሲሩን ከሦስተኛው ዘንድ ይቀስማል። የመንደሩ ሰው ያበላዋል። ቀደም ብለው የገቡት ደረሶች አዲሶቹን ያስጠናሉ። ወጣቱ አቡበክር በዚህ መልክ በምሥራቁ አገራችን፣ በተለይም በጨርጨር በኩል፣ ብዙ ዓመታት ተመላልሰው ኢልም ሸመቱ።

ትምህርታቸውን ሲያጠናቅቁ ሳጳሎ በምትባል መንደር ተቀምጠው ማስተማር ጀመሩ። እስከ ዛሬ የሚጠሩበትም ስም የተገኘው ከዚያ ነው። ሰዎች ሆይ፣ ይህን ቀላል ነገር አድርገን አንለፈው። የባላባት ልጅ ናቸው። በአባታቸው መሬት ላይ ተቀምጠው ጢሰኛ እያስገበሩ መኖር ይችሉ ነበር። እርሳቸው ግን የታወቁበት ስም የርስታቸው ሳይሆን መጀመሪያ ያስተማሩበት መንደር ስም ሆነ። በዚያች መንደር አሥር ዓመት ያህል ቆዩ። ዝናቸው እየሰፋ፣ ደረሶቻቸው እየበዙ ሄዱ። ከዚያም ወደ ሌሎች ስፍራዎች እየተዘዋወሩ አስተማሩ።

ምን ያስተምሩ ነበር? እኔን እጅግ ያስገረመኝ ይኸው ነው። የዲን ትምህርቱ መሠረቱ ነው። ከእርሱ ጎን ግን ጂኦግራፊ፣ ታሪክ፣ ሒሳብ፣ የሥነ ፈለክ ዕውቀት፣ ዐረብኛ፣ በኦሮምኛም ድርሰት ያስተምሩ ነበር። ዩኒቨርሲቲ አልገቡም። ይህን ዕውቀት በአብዛኛው ያገኙት በዐረብኛ የተጻፉ መጻሕፍትን በራሳቸው አንብበው ነው። ዛሬ የዲኑና የዓለማዊው ትምህርት አይገጣጠሙም እያልን በየስብሰባው እንከራከራለን። ሼኽ በክሪ ግን በገጠር መንደር በአንድ ሐሪማ ውስጥ ሲያስተምሯቸው ኖረዋል።

ሼኹ ገጣሚም ነበሩ። በዐረብኛም በኦሮምኛም ይገጥማሉ። ለሕዝባቸው በሚገባው ቋንቋ ማስተማር ፈለጉ። ችግሩ የመጣውም እዚህ ላይ ነው። ኦሮምኛን በምን ይጻፉት?

አንባቢ ጉዳዩን እንዲረዳልኝ ትንሽ ላብራራ። ኦሮምኛ አምስት አናባቢዎች አሉት። እያንዳንዳቸው አጭርና ረዥም አላቸው። በድምሩ አሥር ይሆናሉ። የዐረብኛ ፊደል ደግሞ ፈትሓ፣ ከስራ፣ ደማ የሚባሉ ሦስት የአናባቢ ምልክቶች ብቻ ናቸው ያሉት። ዸ፣ ጰ፣ ጨ፣ ኘ ለሚባሉት ድምፆችም የራሱ ሐርፍ የለውም። የግዕዝ ፊደል በዚህ በኩል ይሻላል። በእርሱም ኦነሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በኦሮምኛ መጻሕፍት አዘጋጅተውበታል። ነገር ግን የአናባቢን መርዘምና የተነባቢን መጥበቅ አያሳይም። ምሳሌ ልስጥ። በኦሮምኛ መሬት ማለትና ለስላሳ ማለት የሚለያዩት በአናባቢ ርዝመት ነው። በግዕዝ ሲጻፉ ሁለቱም «ላፋ» ይሆናሉ። ክፉ ማለትና ደጋ ማለት የሚለያዩት በመጥበቅና በመላላት ነው። ሲጻፉ ግን ሁለቱም «ባዳ» ናቸው። ቋንቋውን በአፉ ለሚያውቅ ትልቅ ሰው ይህ ከዐውዱ ይገባዋል። ፊደል ለሚቆጥር ሕፃን ግን እንቅፋት ነው።

ሼኽ በክሪ ይህን በጆሮአቸው ያዳምጡ ጀመር። የቋንቋ ሳይንስ ያስተማራቸው የለም። በእጃቸው የነበረው ለዓመታት በተጅዊድና በነሕው የሠለጠነ ጆሮ ብቻ ነው። ቁርአንን በተጅዊድ የቀራ ሰው አንድን ድምፅ ማርዘምና ማሳጠር ትርጉም እንደሚለውጥ ያውቃልና! በ1956 ሐጂ ቆሜ በተባለች መንደር ሳሉ ከማንም ያልተዋሱትን፣ የራሳቸው የሆነ አዲስ ፊደል ለኦሮምኛ ሠሩ። እያንዳንዱ ተነባቢ ምልክት አለው። ምልክቱ አናባቢውን ተከትሎ ቅርፁን ይለዋውጣል። አጭሩም ረዥሙም ይለያል። በኋላ የቋንቋ ሊቃውንት ሲመረምሩት የኦሮምኛን የድምፅ ሥርዓት በጥንቃቄ የተከተለ ሆኖ አግኝተውታል።

ፊደሉ በአካባቢው ሰው ዘንድ ፍላጎት አሳደረ። ይህ ደግሞ ባለ ሥልጣናትን አሳሰበ። ዘመኑ መንግሥት በትምህርት ቤት አማርኛን ብቻ የማስተማሪያ ቋንቋ ለማድረግ የሚሠራበት ነበር። በኦሮምኛ የሚታተም ጋዜጣ አልነበረም። በእንዲህ ያለ ጊዜ አንድ የገጠር ዓሊም ለሕዝቡ ፊደል ሲሠራ እንደ ትምህርት ጉዳይ አልታየም። እንደ አመፅ ታየ። በ1965 ሼኽ በክሪ ድሬዳዋ ላይ በቁም እስር እንዲቀመጡ ተደረገ። ሰባ ዓመት ሊሞላቸው የተቃረቡ ሰው ናቸው። ከደረሶቻቸው ተለይተው፣ ከመንደራቸው ርቀው ዓመታት አሳለፉ። ብዕራቸውን ግን አላስቀመጡም። ስለ ኦሮሞ ሕዝብ ታሪክና ስለደረሰበት በደል የጻፉት «ሸልዳ» የተባለው አጭር ጽሑፍ የእስሩ ዘመን ፍሬ ነው።

ድሬዳዋን ሳነሳ ሁልጊዜ የሚታወሰኝ የባቡሩ ሐዲድ ነው። የፈረንሳዮቹ ባቡር በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ገባ። አዳማም በዚያው ሐዲድ ላይ የበቀለች ከተማ ነች። ሼኹ በቁም እስር በነበሩባቸው ዓመታት የድሬዳዋ ባቡር በየጊዜው አዳማ ላይ ይቆም ነበር። ጫት፣ ልባሽ ጨርቅ፣ ብርቱካን፣ መንገደኛ ያወርዳል። የሼኹ ፊደል ግን በዚያ ባቡር ተሳፍሮ ወደ እኛ አልመጣም። የማተሚያ ፊደል አልተቀረጸለትም፤ መጽሐፍ አልሆነም፤ በእጅ ጽሑፍ እንደ ተወሰነ ቀረ።

ከዚያ አብዮቱ መጣ። በ1975 «በሪሳ» የተባለው የኦሮምኛ ጋዜጣ በግዕዝ ፊደል መታተም ጀመረ። ብዙ ሰው ተስፋ አደረገ። ሐረርጌ ግን በጦርነትና በቀይ ሽብር መካከል ተያዘች። ሼኽ በክሪ በ1978 ከባለቤታቸው ጋር ወደ ሶማሊያ ተሰደዱ። ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ነበር። ጽሑፎቻቸውን እዚያ የሚያሳትምላቸው እናገኛለን ብለው ሳይሆን አልቀረም። ያገኙት ግን ሒራን ውስጥ በለድወይን አቅራቢያ የሚገኝ የስደተኞች መጠለያ ነው። ለረዥም ጊዜ ታመው ሚያዝያ 5 ቀን 1980 በዚያው መጠለያ አረፉ። ኢንና ሊላሂ ወኢንና ኢለይሂ ራጂዑን።

አሁን ደግሞ የዘመኑን ምጸት ተመልከቱ። በሐምሌ 1979 የደርግ መንግሥት ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻን አወጀ። ዘመቻው በኋላ በአሥራ አምስት ቋንቋዎች ተካሄደ። ከእነርሱ አንዱ ኦሮምኛ ነበር። ለዚህም አገራችን በ1980 ዓለም አቀፍ የማንበብ ሽልማት ተቀበለች። እንግዲህ ኦሮምኛን ለማንበብና ለመጻፍ መልፋት ወንጀል መሆኑ ቀርቶ በሚያሸልምበት በዚያው ዓመት፣ ለዚህ ነገር ዕድሜአቸውን የሰጡት ዓሊም በባዕድ ምድር፣ በድንኳን ሥር ሞቱ ማለት ነው።

ታሪካቸው እንዴት ደረሰን? ለዚህ ጽሑፍ እጅግ የሚያስፈልገኝ መልስ ይህ ነው። ሼኹ በሞቱ በዓመቱ፣ በ1981፣ በለንደን ዩኒቨርሲቲ የምሥራቅና የአፍሪካ ጥናት ትምህርት ቤት መጽሔት ላይ ስለ ፊደላቸው አንድ ጥናት ወጣ። ጸሐፊዎቹ ሁለት ነበሩ። አንዱ የቋንቋ ሊቁ ሪቻርድ ሄይዋርድ ሲሆኑ ሁለተኛው መሐመድ ሐሰን ናቸው። መሐመድ ሐሰን በዚያን ጊዜ ገና የዶክትሬት ተማሪ ነበሩ። የዶክትሬት ጽሑፋቸውን ያጠናቀቁት በ1983 ነው። በኋላ በአሜሪካ አትላንታ የታሪክ ፕሮፌሰር ሆነው ስለ ሼኹ ሕይወት ደግመው ጽፈዋል። ያንን ወጣት ተመራማሪ አስቡት። ስለ ኦሮሞ ታሪክ የሚጽፍበት ትልቅ ሥራ በእጁ እያለ ስለ አንድ የመንደር መምህር ጊዜውን ሰጠ። ያን ባያደርግ ኖሮ እኔ ዛሬ ይህን ልጽፍላችሁ ባልቻልኩ ነበር። የድኅረ ምረቃ ተማሪ ብዕር ምን ያህል ሊሠራ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ምስክር የለም።

እንግዲህ ወደ ጉዳዬ ልመለስ። አንዳንድ ወዳጆቼ ይህን ሐሳብ ስነግራቸው ሁለት ነገር ይቃወሙኛል።

አንደኛው፣ ፊደሉ እኮ አልሠራም፤ በ1991 ለኦሮምኛ የተመረጠው የላቲኑ ቁቤ ነው፤ ታዲያ ያልሠራ ነገር ምን ይጠናል? ይላሉ። እውነት ነው፤ ዛሬ ልጆቻችን የሚማሩት በቁቤ ነው፤ የሼኹ ፊደል ይመለስ የሚል ሐሳብም የለኝም። ነገር ግን ፊደሉ ባይቀጥልም የተነሱበት መንገድ ትክክል መሆኑን ጊዜ አረጋግጧል። ረዥምና አጭር አናባቢ መለየት አለበት፤ ጠባቂና ላሊ መታየት አለበት፤ ሕፃን በሚሰማው ቋንቋ ይማር። ቁቤ የተመረጠበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነበር። የመረጡት መሣሪያ ሌላ ይሁን እንጂ ችግሩን አስቀድመው ያዩት ሼኹ ናቸው። ሳይንስ ደግሞ የሚያጠናው ያሸነፈውን ብቻ አይደለም።

ሁለተኛው፣ ሰውየው ፖለቲከኛ ነበሩ፤ ትምህርትን ከፖለቲካ ጋር አታደባልቅ ይሉኛል። ሼኹ የሕዝባቸው በደል የሚቆረቁራቸው ሰው እንደነበሩ ራሳቸው ጽፈዋል፤ ይህን የሚሸሽግ ታሪክ አልነግራችሁም። ይሁን እንጂ ፍሬሬም ከብራዚል ታስሮ የተሰደደው ገበሬዎችን ማንበብ ስላስተማረ ነው። እርሱን ስንጠቅስ ማንም ፖለቲካ ነው አላለንም። ለባዕዱ የፈቀድነውን ለራሳችን ሰው የምንከለክለው በምን ሚዛን ነው?

አሁን ወደ ክፍሎቻችን እንግባ። ከ1994ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ አንደኛ ደረጃ በአፍ መፍቻ ቋንቋ ይሰጣል። ሼኹ የተቀጡበት ነገር መብት ሆኗል፤ አልሐምዱሊላህ። ነገር ግን በ2010 በአገራችን ክልሎች የተደረገው የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ ከቀረበላቸው ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አለመቻላቸውን አሳየ። በገዛ ቋንቋቸው! ይህን ውጤት ሳነብ ሼኽ በክሪን አሰብኩ። ቋንቋውን በሕግ ማስገባት አንድ ነገር ነው፤ ድምፁን ከፊደሉ ጋር አገናኝቶ ለሕፃን የሚያስጨብጥ መምህር ማግኘት ሌላ ነገር ነው። እርሳቸው ሕጉ ሳይኖራቸው መምህሩ ነበሩ፤ እኛ ሕጉን ይዘን መምህሩን እንፈልጋለን።

በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ደግሞ ጉዳዩ የራሱ መልክ አለው። አዳማ ላይ በአንድ ሰፈር ኦሮምኛም አማርኛም ጉራግኛም ስልጥኛም ይነገራል። አንዱ ልጅ በቤቱ የሚናገረው ሌላ፣ ገበያ የሚሰማው ሌላ፣ መስጊድ የሚቀራው ሌላ፣ ትምህርት ቤት የሚጻፈው ሌላ ነው። ጠዋት ቁቤ ወይም ግዕዝ፣ ከሰዓት በኋላ በመድረሳ ዐረብኛ፣ በመካከሉ እንግሊዝኛ። አንድ ሕፃን ሦስት ፊደል ተሸክሞ ያድራል። ይህ ሸክም ነው ወይስ ሀብት? በመድረሳ ሐርፍ ለይቶ ያነበበ ልጅ በትምህርት ቤት ንባብ ይፈጥናል ወይስ ይደናገራል? በእኔ ክፍሎች ሁለቱንም ዓይነት ልጆች አይቻለሁ። ከመደርደሪያዎቹ ካነበብኳቸው ጽሑፎች መካከል ይህን ጥያቄ ያነሳ አላጋጠመኝም። በሦስት ቋንቋ መካከል የኖሩት፣ በዐረብኛ የሠለጠነ ጆሮአቸውን ለኦሮምኛ የተጠቀሙበት ሼኽ በክሪ ግን ጥያቄውን በሕይወታቸው አንስተውት ነበር።

ኢብን ኸልዱን በ1377 በጻፉት ሙቀዲማ ውስጥ ትምህርት ደረጃ በደረጃ መሰጠት እንዳለበትና በሕፃናት ላይ ጭካኔ ማብዛት ስብዕናቸውን እንደሚጎዳ አስተምረዋል። ይህን የጻፉት ከዲዌይ አምስት መቶ ዓመት ቀድመው ነው። ስለዚህ በእኛ በኩል ስለ ማስተማር የታሰበ የለም የሚለው ወሬ ከየት እንደመጣ አይገባኝም። የጎደለን አሳቢ ሳይሆን የታሰበውን አንስቶ የሚመረምር ተማሪ ነው።

ስለዚህ ለማሳሰብ የምወደው ይህን ነው። በትምህርት ዘርፍ የምትማሩ ወንድሞችና እህቶች ሆይ! ርዕስ ስትመርጡ አንድ ጊዜ ወደ ቤታችሁ ተመልከቱ። የደረሳው ሥርዓት ያለ ሰርተፊኬትና ያለ በጀት እንዴት ለዘመናት ዓሊም ሲያፈራ ኖረ? ቀዳሚው ደረሳ ተከታዩን ሲያስጠና የሚጠቀምበት ዘዴ ምን ነበር? በቃል መያዙ የት ጠቀመ፣ አለንጋውስ የት ጎዳ? መልካሙን ብቻ ሳይሆን ጉድለቱንም ጻፉ። ማድነቅ ብቻ ምርምር አይሆንምና።

አማካሪ መምህራንም ተማሪያችሁ እንዲህ ያለ ርዕስ ይዞ ሲመጣ መጽሐፍ የለውም ብላችሁ አትመልሱት። መጽሐፉ የሽማግሌዎች ደረት ውስጥ ነው። የሼኹን ጊዜ የሚያስታውሱ ሰዎች በዕድሜ ገፍተዋል። በየቤቱ በሻንጣ ውስጥ የተቀመጡ የእጅ ጽሑፎችም ምስጥና እርጥበት እየበላቸው ነው። የዓሊሞች ቤተሰቦች ወረቀቱን ሳትሰጡም ፎቶ ማስነሳት ትችላላችሁ። የመስጊድ ኮሚቴዎችም ከማስፋፊያው ግንባታ ጎን ለጎን ለኪታቦች የሚሆን አንድ ደረቅ ክፍል ብታስቡ ትልቅ ሥራ ነው።

ሼኽ በክሪ የተመኙትን መጽሐፍ ሳያሳትሙ፣ ፊደላቸውን በክፍል ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሳያዩ አልፈዋል። እኛ ግን ክፍሉም ሰሌዳውም ዩኒቨርሲቲውም አለን። ፒያዤን እናንብብ፤ ከእርሱ ጎን ግን በዚያው ዘመን የኖሩትን የራሳችንን መምህር እናስቀምጥ። አላህ ሥራቸውን ይቀበላቸው፣ ቀብራቸውን ያብራላቸው፣ ለእኛም የሚጠቅመንን ዕውቀት ይስጠን። አሚን።

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዓለይኩም።